የግራ ጎን ስፌት

እናቴ እንዲህ ትላለች፦ ቀሚሱን ለክታ፣ ቆርጣና ሰፍታ ያስረከበችው እሷ ናት። ሁለቱንም ጎን በስፌት መኪና ሁለት ሁለት ጊዜ ሄዳበታለች። ተኩሳ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ አየር ማረፊያ ድረስ በክንዷ ላይ አጋድማ የሸኘችውም እሷው ናት። ጥፋቱ የደረሰው እዚያ ማዶ ነው። አክስቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል የተጋራችው ከሌላ አገር ተወዳዳሪ ጋር ነበር፤ ያቺ ልጅ አክስቴ ገላዋን ልትታጠብ እስክትገባ ጠብቃ የግራውን ጎን ተረተረችው። "ሃያ ስምንት ቆነጃጅት አንድ ሕንፃ ውስጥ ሰብስበህ አንዲት ምቀኛ አታጣም" ትላለች እናቴ።

አክስቴ ደግሞ እንዲህ ትላለች፦ የክፍል ጓደኛዋ አገሯ ናፍቋት ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ የከረመች ምስኪን ነበረች፤ የራሷን ጫማ ማሰሪያ እንኳ በቅጡ መፍታት አትችልም። ቀሚሱን ማንም ባዕድ አልነካውም። ለጊዜው ብቻ በነጭ ክር የተያያዘ ነበር፤ መድረክ ላይ ዞር ስትል ክሩ ተስቦ ወጣ። ታዲያ ማን ነው እንዲያ ያደረገው ስትባል ስም አትጠራም። "የሰፋችው ታውቃለች" ብላ አፏን ትዘጋለች። የሰፋችው ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

እህትማማቾች ናቸው። ከተነጋገሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሚኖሩት በሁለት መንገድ ርቀት ሲሆን፣ እኔ ስወለድ አክስቴ ስጦታዋን የላከችው በጎረቤት እጅ ነው አሉ። ከፍ ካልኩ በኋላ ጎረቤቷን የተካሁት እኔ ነኝ፤ የአንዷን ወሬ ለሌላዋ የማደርሰው።

የሆነው ነገር ራሱ አያከራክርም። አክስቴ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመቷ ነው፤ አገሯን ወክላ ዓለም አቀፍ የቁንጅና ውድድር ሄደች። በረጅም ቀሚስ ዙር ተራዋ ደረሰ። አሥራ አንድ ቁጥርን እጇ አንጓ ላይ እንዳሰረች የመድረኩን አራት ደረጃ ወረደች። ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም የተሣለው ኮከብ ጋ ደርሳ ስትዞር የቀሚሱ ግራ ጎን ከብብቷ እስከ ዳሌዋ ተከፈተ። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ግራ ክንዷን ጎኗ ላይ ልጥፍ አድርጋ፣ ፈገግ እንዳለች፣ አራቱን ደረጃ ተመልሳ ወጣች። ወደሚቀጥለው ዙር አላለፈችም። አንድ የመጽሔት ፎቶ አንሺ ያነሳት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ከሥሩ "የጨዋነት ንግሥት" ተብሎ ተጽፏል። ነገሩ ያልገባቸው የከተማችን ሴቶች ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ፎቶ ቤት ሲገቡ ግራ ክንዳቸውን እያጣበቁ ይነሡ ነበር። የአንዲቷ ደንበኛ ፎቶ እስከ ዛሬ እናቴ ሱቅ ግድግዳ ላይ አለ። ክንዷ ወልቆ የታሰረ ነው የሚመስለው።

አክስቴን ሰፈሩ አሁንም "ሚስ" ነው የሚላት።

ነገሩ እንዲሁ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ባለፈው ወር ግን የከተማው አዳራሽ የድሮ የቁንጅና ውድድሮችን ፎቶና ልብስ ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሣ። የዝግጅቱ ኃላፊ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴትዮ፣ አክስቴ ቤት ድረስ መጥታ ሁለት ነገር ለመነቻት። አንደኛ፣ ቀሚሱ ተጠግኖ እንዲመጣ። ሁለተኛ፣ ሐሙስ በመክፈቻው ዕለት አክስቴ በማይክራፎን ትንሽ እንድትናገር። አክስቴ በሁለቱም ተስማማች። ይህንንም ስትነግረኝ፣

"ሐሙስ አንድ ነገር ሳልናገር አልወርድም" አለችኝ።

"ምን?"

"ስናገር ትሰማለህ።"

እናቴ ሱቅ በር ላይ አያቴ በእጃቸው የጻፉት ሰሌዳ አለ። "የኛ ስፌት አይፈታም" ይላል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በዚያ ሰሌዳ ሥር ነው። የሙሽራ ልብስ የሚያሰፉ ሰዎች ሌላ ሰፈር አልፈው የሚመጡት ለዚያች ቃል ነው። ሐሙስ ዕለት አክስቴ በከተማው ሰው ፊት "እህቴ ሆን ብላ ሳትሰፋው ላከችኝ" ብትል ያ ሰሌዳ በማግስቱ መውረዱ ነው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰሌዳው በላይ የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። አክስቴ እውነቷን ቢሆንስ?

ምክንያት አለኝ። እናቴም በዚያው ዓመት ለውድድሩ ተመዝግባ ነበር። መራጮቹ ሁለቱንም አዩና ታናሿን ወሰዱ። ልጅ ሳለሁ የልብስ ቁልፍ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ የላኩላትን ደብዳቤ አግኝቼ አንብቤዋለሁ፦ "በቁመት ሁለት ሳንቲሜትር ስለሚጎድልዎ።" ቀሚሱን የሰፋችው ያ ደብዳቤ በመጣበት ሳምንት ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ አርባ ዓመት ለምን ያስቀምጣል?

የቤታችንን የሥራ ሥርዓት እዚህ ላይ መናገር አለብኝ፤ ያለሱ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን ሥራ ሲያስተምሩ ለሁለት ከፈሏቸው። አክስቴ እጇ ፈጣን ስለሆነ ትወሰውሳለች፤ ማለትም የተቆረጠውን ጨርቅ በመርፌ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ለጊዜው ታያይዛለች። ወስውሳ ስትጨርስ ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። እናቴ ከምስማሩ ላይ ታነሣና በመኪና ትሄድበታለች። ለውስወሳ ሁልጊዜ ቀይ ክር ነው፤ ልብሱ ሲገለበጥ ቀይ ከታየ አላለቀም፣ ቀይ ከሌለ አልቋል ማለት ነው። የውስወሳ ክር አይቋጠርም፤ ሲጀመር ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ይያዛል እንጂ፤ ሲነቀል እንዳያስቸግር ነው። ሌላም ነበር፦ ልብስ ሲጠብ የድሮው ስፌት መጀመሪያ መተርተር አለበት። በድሮው ስፌት ላይ ሌላ ስፌት መደረብ አያቴ ዘንድ ከስርቆት አይለይም ነበር። "ሰነፍ ናችሁ ወይስ ሌባ?" ይሉ ነበር አሉ።

እኔ መርፌ አልያዝኩም። ጨርቃ ጨርቅ ኮሌጅ ገብቼ አሁን ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ምርመራ ክፍል እሠራለሁ። ሥራዬ ክር እስኪበጠስ መጎተትና ጫፉን በማጉያ መነጽር ማየት ነው። በመቀስ የተቆረጠ ክር ጫፉ ድፍን ነው፤ በጉልበት የተበጠሰ እንደ ብሩሽ ይበተናል፤ ተስቦ የወጣ ደግሞ ርዝመቱ እንዳለ ይገኛል። ስለዚህ ሐሙስ ሳይደርስ ቀሚሱን ልይ አልኩ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ ነው። መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መጋረጃ ትሰፋ ነበር። እግሯ ቆመ።

"ቀሚሱ አላት እንዴ እስካሁን?"

"አላት።"

"አልጣለችውም?"

"አልጣለችውም፣ እማዬ። ሻንጣ ውስጥ ቆልፋበታለች።"

"አልተበላሸም? ብል አልበላውም?"

"አላየሁትም እኮ።"

መጋረጃውን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ "ካመጣችው መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ። አንድ ሰዓት ብቻ። ልተኩሰው" አለች።

"ከተተኮሰ ምልክቱ ይጠፋል።"

"የምን ምልክት?"

"የመርፌ ቀዳዳ። ሳቲን ነው አይደል? ሳቲን የተወጋበትን አይረሳም።"

"ዛሬ ደግሞ ምን ያለው ሙቀት ነው" ብላ መስኮቱን ከፈተች። ውጭ ዝናብ ነበር።

አክስቴም ቀሚሱን ልይልሽ ስላት እሺ ብላ ማክሰኞ ቀትር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ፋብሪካ መጣች። የጥበቃው ሰውዬ "ሚስ! ምን እግር ጣለሽ?" ብሎ ራሱ ተሸክሞላት ገባ። የክፍል ባልደረባዬ ወንበር አቀበላትና በጆሮዬ "ይቺ ናት? አሁንም እኮ ታሸንፋለች" አለኝ። ሰምታዋለች።

"አሁንማ ዳኞቹ ናቸው የሞቱት" አለችው።

ሻንጣውን ከፍታ ቀሚሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ነጭ የነበረ ሳቲን የቅቤ ቀለም ይዟል። ከፊቱ ሲታይ ምንም አይል፤ የግራው ጎን ግን እንደ ተከፈተ በር ወለል ብሏል።

"ከውጭ እየው" አለችኝ። "ገበሩን አትግለጥ።"

"አክስቴ፣ ስፌቱ ያለው ከገበሩ ሥር ነው።"

"አውቃለሁ የት እንዳለ። አትግለጥ ነው የምልህ።"

"ታዲያ ምን ልይ?"

 ባዶውን ሻንጣ ዘግታ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ፊቷን አላዞረችም። "ከገለጥከውም ቀስ ብለህ ይሁን" ብላ ወጣች።

ገበሩ ከደረቱ ጋር ብቻ የተያያዘ ነው፤ ከታች ሲያነሱት ይነሣል። አነሣሁት። ከብብቱ ሥር ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ሰፋ ሰፋ ያለ የእጅ ውስወሳ ነው፤ ከላይ አራት ስፌት ያህል አሁንም እንደያዘ ነው፣ የቀረው ክር ግን ሳይቆረጥና ሳይበጠስ እስከ ዳሌው ተንዘላዝሏል። አክስቴ እንዳለችው ነው። በነጭ ክር፣ ለጊዜው። 

ገበሩን መልሼ ሳልጨርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሰባት ዓመት እዚያ ስሠራ አንድ ቀን መጥታ አታውቅም።

"በዚህ ሳልፍ ነው" አለች። ፋብሪካው ከከተማ ውጭ ነው፤ ማንም በዚያ አያልፍም።

"እማዬ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም። እሱ ነው?" ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው። "አንዴ ብቻዬን ልየው። አንተ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ።"

"አይሆንም።"

"አንዴ ብቻ።"

መሐረብ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት ትንሿ መተርተሪያ መቀስ ከላይ ተቀምጣለች፤ ሱቅ ውስጥ ከመኪናው መሳቢያ ወጥታ የማታውቀው። ማየቴን አየች። ቦርሳውን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"ልጄ፣ እናትህን ትጠረጥራለህ?"

አይ ማለት ነበረብኝ።  ቀሚሱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁና ቆለፍኩት፤ ቁልፉንም እያየችኝ ኪሴ ከተትኩ። እሷ ነገሬን ጨርሻለሁ እንደሚል ሰው ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆማ የሚቆሙላትን አውቶቡሶች እየተወች ትቆይ ነበር።

ባልደረባዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "ጥሩ ልጅ ነህ" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ያን ዕለት ብተወው ኖሮ ፍርዴን ሰጥቼ ነበር። ሥራዬ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ አንድ ክር ጎትተህ ስለ ሙሉው ጥቅል አትጽፍም። ረቡዕ ጠዋት ቀሚሱን አውጥቼ መብራት በተገጠመበት መስታወት ላይ ዘረጋሁትና የጎኑን ጠርዝ በማጉያው ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት።

ቀዳዳዎቹ ነበሩ። ከጠርዙ አንድ ጣት ገባ ብሎ፣ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ፣ ርቀታቸው እኩል የሆነ፣ ሁለት መስመር። የእጅ አይደሉም። መኪና ነው፤ ያውም ድርብ። ከእነሱ ሌላ አንድ ጣት ገባ ብሎ ደግሞ ትልልቆቹ የውስወሳው ቀዳዳዎች አሉ። ስለዚህ ቀሚሱ መጀመሪያ በመኪና ሁለት ጊዜ ተሰፍቶ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ተርትሮ፣ አጥብቦ፣ በነጭ ክር ወሰወሰው።

ክሩን መጀመሪያው ድረስ ተከተልኩት። ቋጠሮ የለውም። ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ተይዟል።

ያች አገሯ ናፍቋት ታለቅስ የነበረች ልጅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጻ ወጣች። ያለ ቋጠሮ የሚወሰውስ፣ ሳይተረትር የማያጠብ፣ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነው የማውቀው። አንዷን አክስቴ፣ ሌላዋን እማዬ እላለሁ። የቀረው ከሁለቱ የትኛዋ የሚለው ነው። የእናቴን የቆየ ነጭ ክር ከሱቅ አስመጥቼ ከዚህኛው ጋር አስተያየሁት፤ የሷ ጥጥ ነው፣ ይሄኛው ከጥጥ ያልሆነ፣ ቀጭንና የሚያንሸራትት ነው። ግን ክር ሰው ከየትም ያገኛል። በዚህ ብቻ ሰው አይፈረድበትም።

ለአክስቴ ስልክ ደወልኩ። "ከሥራ በኋላ እናቴ ሱቅ እንገናኝ" አልኳት።  "በሩ አሁንም ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። እናቴ ከመኪናው አልተነሣችም። አክስቴ ሱቁ መሐል ቆማ ዙሪያውን አየች፤ ክንዷን ካጣበቀችው ደንበኛ ፎቶ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። ከዚያ ግድግዳው ላይ ዓይኗ ቆመ።

"ምስማሩ አልተነቀለም" አለች።

"ማን ይነቅለዋል?" አለች እናቴ ለመጋረጃው።

አርባ ዓመት ሳይነጋገሩ ቆይተው የተነጋገሩት ይህን ነው።

ቀሚሱን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ዘረጋሁና ያየሁትን በተራ ነገርኳቸው፤ ሳልጨምር፣ ማንንም ሳልወነጅል። የመኪናውን ቀዳዳዎች ስጠቅስ እናቴ ተነሣች።

"ስንት መስመር?"

"ሁለት።"

"በግራው ላይ? አጣርተሃል? የቀኙን አይተህ እንዳይሆን።"

"ግራው ነው፣ እማዬ። ራስሽ እዪው።"

መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ቀዳዳዎቹን በጥፍሯ እየነካች ከብብቱ ጀመረች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዳሌው ጋ ሳትደርስ ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጇ ተደገፈች።

"ሰፍቼዋለሁ" አለች። "ሰፍቼዋለሁ።"

አክስቴ ግራ ገብቷት አየቻት። "አታውቂም ነበር?"

"በምን ልወቀው?" እናቴ ቀና አለች፤ ፊቷ ረጥቧል። "በዚያ ሳምንት ጨርቁ እንኳ አይታየኝም ነበር። እያለቀስኩ ነው የሰፋሁት። ደግሞም ቀንቻለሁ፤ ልዋሽ ነው እንዴ? አንቺ ያንን ለብሰሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ በሁለት ሳንቲሜትር እቀራለሁ። አንቺ ተመልሰሽ 'አልተሰፋም ነበር' ስትዪ፣ እኔ ምን አልኩ? ምናልባት አልሰፋሁት ይሆናል አልኩ። ምናልባት እጄ እያወቀ ዘሎት ይሆናል አልኩ። ያቺን የሰው ልጅ ምቀኛ ስል የኖርኩት ሰው እንዳይሰማኝ ነው እንጂ የጠረጠርኩትስ እጄን ነው።" ወደኔ ዞረች። "ትናንት ፋብሪካህ የመጣሁት ምን ላድርግ መሰለህ? ከአንተ በፊት አይቼ፣ የኔ ጥፋት ከሆነ ክሩን ልነቅል ነው። አዎ። ልነቅለው ነበር። ልጄ እንዳያየው።"

 ትናንት ቁልፉን ኪሴ ስከት ያየችበት ዓይን ፊቴ ላይ መጣ።

"አርባ ዓመት" አለች እናቴ፣ "አንድ ልብስ ሦስቴ ሳልገለብጥ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ደንበኛው ጠንቃቃ ይለኛል።"

አክስቴ የደንበኛ ወንበር ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ያዘችው።

"እዚያ ምግብ አልወርድ አለኝ" አለች። ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። "በአራተኛው ቀን ቀሚሱ ሰፋኝ። ሆቴሉ ትንሽ የመርፌ ፓኬት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ነጭ ክር፣ ጥቁር ክር። ቀይ የለም። እንደ አባባ ሥርዓት የግራውን ጎን ተረተርኩ። ያንን ድርብ ስፌትሽን ለመተርተር አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወሰወስኩት፣ በሩ ላይ ካለው መስቀያ ላይ ሰቀልኩት።"

"ሰቀልሽውና?" አለች እናቴ።

"ሰቀልኩትና ተኛሁ።"

አክስቴ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

"ጠዋት በእጅ ደቀቅ አድርጌ ልሄድበት አስቤ ነበር። ጠዋት ደግሞ ጥድፊያ ነው፤ ፀጉር ሠሪው፣ የተመደበችልኝ አጃቢ፣ ፎቶ አንሺው። ቀሚሱን አወረድኩት፣ ገለበጥኩት፣ አየሁት። ቀይ የለም።" ትከሻዋን አነሣች። "ቀይ ከሌለ አልቋል። ለበስኩት።"

"የሰቀልሽውን ልብስ ሁልጊዜ ጠዋት ተሰፍቶ ነበራ የምታገኚው" አለች እናቴ።

"ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ።"

ያኔ ገባኝ። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሰነፍ ወይም ሌባ ቢሆን፣ በድሮው ስፌት ላይ ደርቦ ያጠብ ነበር፤ አዲሱ ቢፈታ አሮጌው ይይዘው ነበር።

"መድረኩ ጀርባ አጃቢዋ 'ማን ነው የሰፋው?' ብላ ጮኸችብኝ" አለች አክስቴ። "እህቴ አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ የሰፋሽው አንቺ ነሽ። ጋዜጠኛው ሲጠይቀኝ ደግሜ አልኩት። ስመለስ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ከዚያ በኋላ እንዴት ልመልሰው? አንቺም ዝም አልሽ። ዝም ስትዪ፣ ምናልባት እውነት ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ።"

"አክስቴ" አልኳት፣ "ክሩን ለምን አልነቀልሽውም? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አርባ ዓመት ነበረሽ።"

"ነቅዬው ቢሆን ኖሮ የተወራብሽን እኔም አምነው ነበር።"

"ሐሙስስ ምን ልትዪ ነበር?"

"እሱን እኔም አላወቅኩም። አንተ ገበሩን ትገልጥ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ያመጣሁልህ።"

እናቴ አላቀፈቻትም፤ አልሰደበቻትምም። መጋረጃውን ከመኪናው ላይ ጎትታ ወንበር ላይ ጣለችው። "የኔን ልጅ በእናቱ ላይ ቁልፍ አስቆለፍሽው" ብቻ አለች። አክስቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ደፋሁ።

በዚህ መሐል የእኔ ስልክ ጮኸ። የዝግጅቱ ኃላፊ ናት።

"ይቅርታ፣ ልጄ፣ ቀሚሱ ደረሰልኝ ወይ? ነገ በሦስት ሰዓት በር እንከፍታለን። ጎኑ ተሰፍቷል?"

"አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ" አልኳት።

እናቴ ሰምታለች። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ነጩን ጥጥ ክር መኪናው ላይ አስገባች። "አምጣው። አሥር ደቂቃ ነው" አለችኝ። "ሁለት ጊዜ እሄድበታለሁ። የፈለገችውን ትናገር፤ የኔ ስፌት ግን ደህና ሆኖ ይታያል።"

ቀሚሱን ላነሣ እጄን ስዘረጋ አክስቴ ቀደመችኝ። ከወንበሯ ተነሥታ ቀሚሱን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ መሳቢያውን፣ ሦስተኛውን፣ ሳትፈልግ ሳትጠይቅ ከፈተችው። ቀዩ ክር እዚያው ነበር። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ መርፌ ውስጥ አስገባች፤ አልቋጠረችውም።

"እትዬ፣ በመኪና አትሂጂበት" አለች። "እኔ በቀይ ወስውሼው እንደዚያው ይታያል። ለሴትዮዋም ንገራት፣ አልተሰፋም፣ አይሰፋምም። ነገ ቀዩ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ ማይክራፎኑን ይዤ የምነግራቸው እኔ ነኝ፦ እህቴ ሰፍታው ነበር፣ የተረተርኩት እኔ ነኝ።"